የክሬዲት ካርዱ ክስ እና የጎረቤት ባሕር ዛፍ

ጥቅምት 4

ውድ ጋሼ፣

ሰው የፈራውን ፖስታ ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጠው፣ ውስጡ ያለው ነገር አልደረሰውም ሊባል አይችልም? ዕድሜዎን ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጠው የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ ስለኖሩ፣ ይህን ከእርስዎ የተሻለ የሚመልስልኝ የለም። መልሱ «አይችልም» ከሆነ ግን ቀስ አድርገው ይንገሩኝ።

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ? የጽሕፈት መኪናዎ አሁንም እንደ በቅሎ እያነከሰች ትሄዳለች? እኔ ከእርስዎ ናፍቆትና ከአንድ የፍርድ ቤት መጥሪያ በቀር ደህና ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪ ሳለሁ ባንክ ክሬዲት ካርድ ሰጠኝ። ጋሼ፣ ክሬዲት ካርድ ማለት የሌለዎትን ገንዘብ ፈገግ እያሉ እንዲያወጡ የሚያደርግ ፕላስቲክ ነው። ላፕቶፕ ገዛሁበት፤ መጻሕፍት ገዛሁበት፤ የምረቃ ጫማ ገዛሁበት፣ ጫማው እስካሁን ይጠበኛል። የሆቴል አንሶላ ከማጥፍበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ደሞዝ በተቀበልኩ ቁጥር ስከፍል ቆየሁ። ከዚያ የሥራ ሰዓቴን ቀነሱት፣ እኔም ክፍያውን ቀነስኩት። ፖስታ መምጣት ጀመረ፣ እኔም መክፈት አቆምኩ።

መሳቢያዬ አልዘጋ ሲል የሕንጻችን የጥገና ሠራተኛ ሊያስተካክለው መጣ። ጎትቶ ከፈተው፣ የፖስታውን ክምር አየና «ይሄማ የመሳቢያ ብልሽት አይደለም» አለኝ። ከላይ ያለውን እሱ ፊት ከፈትኩት። ባንኩ ዕዳዬን ለአንድ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ሸጦታል። ድርጅቱ ደግሞ ከሶኛል። የሚጠይቀኝ የወሰድኩትን እጥፍ ነው።

የሚያስፈራኝ ገንዘቡ ብቻ ቢሆን እሰየው። ጋሼ፣ ሥራ አግኝቻለሁ! በተማርኩት! መሬት ውስጥ የተቀበረ የውሃ ቧንቧ የት እንደሚያፈስ በጆሮ ማዳመጫ እያዳመጠ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ነው። ለፈተና ሲወስዱኝ አስፋልት ላይ ተንበርክኬ ከሁሉም ቀድሜ የሚያፈሰውን ሰማሁት። ግን ሰው ቤት እየገባን ስለምንሠራ፣ መዝገብ ላይ የዕዳ ፍርድ ያለበትን ሰው አይቀጥሩም። ከተፈረደብኝ ሥራው ቀረ። በዚህ ወር ውስጥ መልስ ካልሰጠሁ ደግሞ በሌለሁበት ይፈረድብኛል። ጠበቃ መያዣ የለኝም። ምን ልጻፍ?

ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ ጥድፊያ
(ስሙን ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ ለክሱም ትንሽ ኃላፊነት አለብዎት)


ጥቅምት 9

ለእህቴ ልጅ ለጥድፊያ፣

ሰላምታዬ ከደጅሽ ይድረስ፤ ጤናሽ ይብዛ፣ ሐሳብሽ ይነስ፣ የከሳሽሽ ጎማ መንገድ ላይ ይተንፍስ።

ለጥያቄሽ፦ አይችልም። ቀስ አድርጌ ነው የነገርኩሽ።

ሲቀጥል፣ ስለ ሥራው እንኳን ደስ አለሽ። ስለ ክሱም እንኳን ደስ አለሽ ልል ነበር፣ ግን ደብዳቤዬን የምትልክልኝ ሴትዮ «ይሄ አይባልም» ብላ ተቆጣችኝ። ያቺ አጠገቤ ፎቶኮፒ ቤት የከፈተችው ናት፤ እኛ «ፎቶኮፒዋ» ነው የምንላት። እኔ በጽሕፈት መኪናዬ እመታለሁ፣ እሷ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ለምን አትደውልም እንዳትዪኝ። ነገር በስልክ አይያዝም። በስልክ የተባለ ነገር ዳኛ ፊት ሲቀርብ እግር የለውም።

አሁን ወደ ሥራችን። የተከሳሽ የመጀመሪያ ደንብ፦ ካጂ። ሁለተኛ ደንብ፦ መካድሽን አትርሺ። ካርዱን አላውቀውም በይ። ባንኩን አላውቀውም በይ። ከተማውንም በሩቁ ነው የማውቀው በይ። በዚህ ደንብ ስንቱን ሰው አሳልፌያለሁ መሰለሽ! ጥቂቶቹ ረትተዋል።

ስለ ዋጋዬ ደግሞ እንነጋገር። አጎት ነኝ ብዬ በነጻ ብጽፍልሽ ትሸነፊያለሽ፤ በነጻ የተጻፈ ማመልከቻ አይረታም። ስለዚህ ለጽሕፈት መኪናዬ ሪባን ላኪልኝ፣ እዚህ ከገበያ ጠፍቷል። ሪባን ካጣሽ ፕሪንተርም ይሆናል።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። ማለቴ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት አልነገርኳትም ነበር።

አጎትሽ


ጥቅምት 11

ውድ ጋሼ፣

ጉልበትዎን ያበርታልኝ፣ ምላስዎን ግን ትንሽ ያሳጥርልኝ። የከሳሼ ጎማ መተንፈሱን እንጃ፤ የእኔ አውቶቡስ ጎማ ግን ዛሬ ተንፍሷል። ምርቃትዎ አድራሻ ተሳስቶ ይሆናል።

እማዬ ደወለች። «ልጄ፣ ስንት ዓመት ፈረዱብሽ?» ብላ ነው የጀመረችው። እስር የሌለበት ክስ መሆኑን ስንት ጊዜ አስረዳኋት። መጨረሻ ላይ ተረጋግታ «ታዲያ ካላሰሩሽ ለምን ደከሙ?» አለችኝ።

ጋሼ፣ መካድ አልችልም። ፍርድ ቤቱ የላከው ቅጽ ላይ ሦስት ሳጥን አለ፦ ሁሉንም አምናለሁ፣ ከፊሉን አምናለሁ፣ ሁሉንም እክዳለሁ። አንዱ ላይ ምልክት አድርጌ፣ ያልኩት እውነት ነው ብዬ መፈረም አለብኝ። ላፕቶፑ ፊቴ ተቀምጦ እያየኝ እንዴት አድርጌ ልካድ? የወሰድኩትን ወስጃለሁ። የማልቀበለው የጨመሩበትን ነው። ወለድ አለ፣ የወለዱ ወለድ አለ፣ «የአስተዳደር ወጪ» የሚባል አለ፣ ለጻፉልኝ ደብዳቤ ሁሉ ደግሞ የደብዳቤ ዋጋ አለ። ያልከፈትኩትን ደብዳቤ ያስከፍሉኛል!

ሌላም አለ። ድርጅቱ ዕዳውን ከባንኩ ስለመግዛቱ አንድም ወረቀት አላያያዘም። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነበብኩ፤ ማስረጃህን አሳየኝ ማለት መብቴ ነው።

ስለዚህ «ከፊሉን አምናለሁ» የሚል አጭር መልስ ይጻፉልኝ። እርስዎ በአማርኛ ይምቱት፣ እኔ እተረጉመዋለሁ። ለምን ራስሽ አትጽፊውም ይሉኝ ይሆናል። ሞከርኩ። በጀመርኩት ቁጥር «በጣም ይቅርታ» ብሎ ይነሳና ስለ ጫማው፣ ስለ ልብስ ማጠቢያው ቤት፣ ትንሽ ቆይቶ ስለ ልጅነቴ ማውራት ይጀምራል። የእርስዎ ብዕር አያለቅስም።

ሪባኑን ጠይቄ ነበር። ሻጩ «ሙዚየም ሞክሪ» አለኝ። ፕሪንተሩ ክሱ እስኪያልቅ ይቆየኝ።

ጥድፊያ


ጥቅምት 17

ለእህቴ ልጅ ለጥድፊያ፣

የወጣሽበት ደጅ በደስታ ይመልስሽ፤ የገባሽበት ደጅ በክብር ይሸኝሽ።

የዘገየሁት ተቀይሜ ነው። ከፊሉን አምናለሁ! ግማሽ ማመን እኮ ግማሽ መዋኘት ነው። ሁለት ቀን የጽሕፈት መኪናዬን ሸፈንኳት። በሦስተኛው ፎቶኮፒዋ «ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ሲፈልጉ ይቆጡ፣ ግን እየጻፉ ይቆጡ» አለችኝ። ባለጉዳይ የፈለገውን ነው የሚጻፍለት ብዬ ተቀመጥኩ። ይኸው፦

«ለክቡር ፍርድ ቤት።

ተከሳሽ ካርዱን መቀበሏን፣ በካርዱም መገበያየቷን አትክድም። የወሰደችውን ለመመለስ ፈቃደኛ ናት።

ሆኖም ከሳሽ ዕዳው የእርሱ ስለመሆኑ ማስረጃ አላቀረበም። ያላበደረ ሰው ዕዳ ልቀበል ብሎ ደጅ ሲመታ፣ መጀመሪያ ማን ላከህ ይባላል።

ከሳሽ ወሰኑ ላይ የተከለው ባሕር ዛፍ ከዓመት ዓመት እያደገ፣ ሥሩን አጥር አሻግሮ ወደ ተከሳሽ ግቢ በመስደድ የጉድጓዷን ውሃ ጠጥቶ ጨርሷል። ቅጠሉም ጣሪያዋ ላይ እየረገፈ አሸንዳዋን ደፍኗል። ዛፉ እንዲቆረጥላት ታመለክታለች።

ስለዚህ ከሳሽ ማስረጃውን እንዲያቀርብ፣ ያላግባብ የተጨመረውም እንዲቀነስ ይታዘዝላት ዘንድ ተከሳሽ በትሕትና ትጠይቃለች።»

ደህና አድርገሽ ተርጉሚው። ሪባኑን ተዪው፣ አሮጌውን ገልብጬ እየሠራሁበት ነው። ይልቅ ፎቶሽን ላኪልኝ። ከወንበሬ በላይ እሰቅለውና መንገደኛው ሲጠይቀኝ «ባለጉዳዬ ናት፣ ከውጭ አገር» እለዋለሁ።

አጎትሽ


ጥቅምት 19

ውድ ጋሼ!

እጅዎ ይባረክ፣ ጣትዎ አይዛል፣ ወንበርዎ አይሰበር። አስገባሁት! ዛሬ ጠዋት!

እውነቱን ልንገርዎት፣ ባሕር ዛፉ ጋ ስደርስ ግራ ገባኝ። የምን ዛፍ? የምን ጉድጓድ? እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ከዚያ ሥራ ቦታ አንሶላ እያጠፍኩ ሳለሁ ብልጭ አለልኝ። ዛፉ ወለዱ ነው! ማንም ውሃ ሳያጠጣው ከዓመት ዓመት ያድጋል። አጥሩ ውሉ ነው፣ ሥሩ ውሉን አልፎ ገባ። ጉድጓዱ የእኔ ደሞዝ ነው፣ ተጠጥቶ አለቀ። ጋሼ ያለ ምሳሌ እንደማይጽፉ እያወቅኩ እንዴት ዘገየሁ! አሸንዳው ምን እንደሆነ ገና አልደረስኩበትም፤ ሲገባኝ እነግርዎታለሁ።

አንዲት ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩት። የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደገና አነበበችው። «ይሄው ነው? ሌላ የሚጨመር የለም?» አለችኝ። «ምንም አልጎደለውም» አልኳት፣ አንገቴን ቀጥ አድርጌ። ማኅተሟን መታችልኝ። ቀጠሮው ኅዳር 6 ነው። ለአዲሱ መሥሪያ ቤትም እስከዚያ ጠብቁኝ ብያቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል።

ፎቶዬን ልኬያለሁ። ጫማው እንዳይታይ ከወገብ በላይ ነው።

ጥድፊያ


ጥቅምት 18

አስቸኳይ!

ጥድፊያ፣ ሰላምታው ይቆይሽ። ባሕር ዛፉን አውጪው!

ያ አንቀጽ ያንቺ አይደለም። የአንዲት ጡረተኛ መምህርት ነው፤ ጎረቤታቸው ወሰን ላይ ዛፍ ተክሎ ሲካሰሱ የጻፍኩላቸው። የአጻጻፉ ሥርዓት እንዳይጠፋኝ ብዬ የድሮውን ግልባጭ አጠገቤ አስቀምጬ ነበር። ዓይኔ ከወረቀት ወረቀት ሲሄድ እዚያ ገባ፣ ጣቶቼ ደግሞ አንዴ ከተነሱ ከእኔ ቀድመው ነው የሚሮጡት። ትናንት ላክሁልሽ፣ ዛሬ ቅጂውን ለራሴ በኩራት ሳነብ አሸንዳው ጋ ስደርስ ላብ አጠመቀኝ።

አደራሽን፣ አንዴ እንኳ በሕይወትሽ ዝግ በይ። ዳኛ ፊት የሰው ዛፍ ተሸክመሽ እንዳትቀርቢ። ሥራሽን እኔ ካስቀረሁብሽ የእናትሽን ፊት በምን ዓይኔ አያለሁ?

አጎትሽ

— እኔ ፎቶኮፒዋ ነኝ። ይህን የምጽፈው ጥቅምት 26 ነው። ስልኬ ባልዲ ውስጥ ወድቆብኝ ዛሬ ገና ተሠራልኝ፤ የእሳቸው ደብዳቤ በእጄ ቆየ፣ ያንቺም አሁን ነው የተከፈተው። ይቅርታ አድርጊልኝ። አጎትሽ የሚቀጥለውን እንዳልጽፍ ከልክለውኛል፣ ግን ፎቶውን የማነሳው እኔ ስለሆንኩ እጽፋለሁ። የዛፉ ጉዳይ የመጨረሻ ደንበኛቸው ነበር፤ ዓመት አልፎታል። ሰዉ ሁሉ አሁን እኔ ጋ በኮምፒውተር ያስጽፋል። አንቺ ከተከሰስሽ ወዲህ ግን በየቀኑ ክራቫት አስረው ይመጣሉ። እንዳትቆጫቸው።


ኅዳር 2

ለእህቴ ልጅ ለጥድፊያ፣

ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝሽ፤ ካላገኘሽም ደህና ሁኚ።

ምነው ዝም አልሽ? እንዲያው ተቆጪኝ፣ ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ።

ዛፉ ወለድ ነው፣ አጥሩ ውል ነው ያልሽውን አነበብኩት። ይህን ያህል ጠቢብ መሆኔን አላውቅም ነበር። አሸንዳው ግን አሸንዳ ነው።

ሪባኑንም ፕሪንተሩንም ትቼዋለሁ። ፎቶሽ ደርሶኛል፣ ግን አልሰቀልኩትም፤ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያ የቤተሰባችን ነገር ሳይሆን አይቀርም። የጽሕፈት መኪናዬን ፎቶኮፒዋ ልትገዛኝ ተስማምታለች፣ መስኮቷ ላይ ለጌጥ። ገንዘቡን እልክልሻለሁ፣ እዚያው ጠበቃ ያዢ። የሚጽፍ ሰው ያዢ።

አንድ መስመር ብቻ ላኪልኝ።

አጎትሽ


ኅዳር 7

ውድ ጋሼ፣

መኪናዋን እንዳይሸጡ! ይህ ሰላምታዬ ነው፤ ሌላው ይከተላል።

ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። የዛፉ ጉዳይ ደብዳቤ ሲደርሰኝ መልሱ ፍርድ ቤት ከገባ ሰንብቶ ነበር። ሬጅስትራሯ ጋ ሮጥኩ። «የገባ ገብቷል፣ ለዳኛዋ በቃል ትነግሪያታለሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለእርስዎ መጻፍ በጀመርኩ ቁጥር ያ «በጣም ይቅርታ» የሚለው ነገር ተነሳብኝ።

ትናንት ቀረብኩ። የጥገና ሠራተኛው ብቻሽን አትሄጂም ብሎ ከመሣሪያ ሳጥኑ ጋር አብሮኝ መጣ፤ በሩ ላይ መዶሻውን ተቀበሉት። የድርጅቱ ጠበቃ በጎማ ጋሪ ሙሉ ፋይል እየገፋ ገባ። ያን ቀን እንደ እኔ የተከሰሰ የብዙ ሰው ጉዳይ ይዞ ነው የመጣው።

ዳኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «ይህ ባሕር ዛፍ የት ነው ያለው?» አለች።

ጋሼ፣ ምሳሌ ነው ልል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ያምር ነበርኮ! ግን እውነት ነው ብዬ የፈረምኩት ወረቀት ነው። «ክብርት ዳኛ፣ ዛፉ የእኔ አይደለም» አልኩ። «የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። መልሱን የጻፈልኝ አጎቴ ነው፣ ከድሮ ማመልከቻ ሲገለብጥ ሾልኮ ገባ። እኔ ደግሞ ስለ ወለዱ የተነገረ ምሳሌ መስሎኝ ተረጎምኩት። ሌላው ሁሉ የእኔ ነው፤ ወስጃለሁ፣ የወሰድኩትን እከፍላለሁ።»

«አሸንዳውስ?»

«አሸንዳው አሸንዳ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ጠበቃው ነው። «ተከሳሽ የራሷን መልስ እንኳ አላነበበችም» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

«እሷስ ስህተቷን አውቃ መጣች» አለች ዳኛዋ። «እስቲ የእርስዎን ደግሞ እንይ።» ቀጠሮው ሲቃረብ ድርጅቱ ያያያዘውን፣ በካርዱ ተገዛ ያሉትን ዕቃ ዝርዝር አወጣች። ቅድም ከላይ ከላዩ ነበር ያገላበጠችው፤ አሁን በጣቷ እየተከተለች ታነብ ጀመር።

«ዓሣ ታጠምጃለሽ?» አለችኝ።

«ኧረ እኔ ከውሃ የማውቀው ቧንቧውን ነው።»

«የሕጻን ጋሪ ገዝተሻል?»

«ባል የለኝም፣ ልጅም የለኝም፣ ክብርት ዳኛ።»

«የውሻ ምግብስ?»

ይህኔ የጥገና ሠራተኛው ከኋላ ብድግ ብሎ «ሕንጻችን ውሻ አይፈቅድም!» አለ። እንዲቀመጥ ተነገረው።

ጠበቃው ጋሪው ላይ ጎንበስ ብሎ ፋይል ከፋይል ያገላብጥ ጀመር። የሌላ ሰው ዝርዝር ነው ያያያዘብኝ። ከባንኩ ገዛን ያሉበት ወረቀትም የዚያው የዓሣ አጥማጁ ነው! እነሱም እንደ እኛ ከድሮ ወረቀት ነው የሚገለብጡት ጋሼ፣ ልዩነቱ እነሱ ዛፍ የላቸውም። ዳኛዋ «በዚህ ወረቀት ላይ ፍርድ አልሰጥም» አለች። ጠበቃው ከግንባሩ ላብ እየጠረገ ኮሪደር ላይ እንነጋገር አለኝ። ጥቂት ቆይተን ተመለስን። የወሰድኩትን ብቻ፣ ያለ ወለድና ያለ ደብዳቤ ዋጋ፣ የራሴን ወረቀት አምጥተው ካሳዩኝ በኋላ በየወሩ በጥቂቱ እከፍላለሁ። እነሱ ክሱን አንስተዋል። መዝገቡ ላይ ፍርድ የለም።

ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ! የምረቃውን ጫማ አላደርገውም።

ስወጣ ሬጅስትራሯ ጠራችኝ። ከቁም ሳጥኗ ጥግ አንድ ሰማያዊ ቆርቆሮ አወጣች። ውስጡ የጽሕፈት መኪና ሪባን ነው፣ ሳይነካ። «ዛፉን ለጻፉት ሰው» አለችኝ። ዛሬ በፖስታ ልኬዋለሁ። ለፎቶኮፒዋም መስኮቷ ላይ የአበባ ማሰሮ እንደሚያምር ይንገሩልኝ። የእኔን ፎቶም ከመሳቢያ ያውጡት።

አሁን የቀረው አንድ ጉዳይ ነው። የጥገና ሠራተኛው ትናንት ማታ በሬን አንኳኩቶ፣ ከራሱ ቤት ማሞቂያ ጀርባ ደብቆት የኖረውን ጥቅል ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። ተከፍቶ አያውቅም። አብረን ከፈትነው፤ እሱም ተከሷል፣ መልስ የሚሰጥበት ጊዜም እየሮጠ ነው። «ያንቺን የጻፉት ሰውዬ ለኔም ይጻፉልኝ» አለ። እርስዎ ይምቱት፣ እኔ እተረጉመዋለሁ። በዚህኛው ዝግ ብዬ አነባለሁ፣ ዛፍ ካየሁም መጀመሪያ እጠይቅዎታለሁ።

ስንት እንደሚያስከፍሉ ጠየቀኝ። በነጻ የተጻፈ አይረታም ብዬዋለሁ። ክራቫትዎን እንደሚያስሩም ነግሬዋለሁ። እባክዎ፣ ዋጋዎን ጽፈው በቶሎ ይላኩልን።

ጥድፊያ